ሕመም የማይሰማው እጅ



በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፥ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርት ይገኛል። ስለዚህ በሽታ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን የሰማነው «ጣት ይቆርጣል» የሚለውን ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የአካል ክፍል ስለሚስማማው፥ ለቆዳ ቀረብ ብለው በሚያልፉት ነርቮች ውስጥ ይሰፍራል። ሰውነት ሊዋጋው ሲነሣ ነርቩ ያብጣል፥ ይጎዳልም። ነርቭ ደግሞ ሥራው ሦስት ነው፤ ስሜትን ወደ አንጎል ያደርሳል፥ ጡንቻን ያዛል፥ ላብ እንዲወጣ ያደርጋል። በክርን በኩል የሚያልፈው ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይቆለመማሉ፤ የፊት ነርቭ ሲጎዳ ዐይንን መክደን ያቅታል፤ ላብ ሲቀር ቆዳ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሕመም መጥፋት ነው። እኛ የጋለ ድስት ስንነካ ሳናስብ እጃችንን እንሰበስባለን። ስሜቱን ያጣ ሰው ግን እጁ እየተቃጠለ ድስቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ጫማው ውስጥ የገባውን ጠጠር ቀኑን ሙሉ ይረግጣል። ቁስሉ ያመረቅዛል፥ አጥንት ዘንድ ይደርሳል፥ ጣትም እያጠረ ይሄዳል። በሕንድ አገር፥ በቬሎር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ስሜት ያጣ ሰው እጅና እግሩን በየቀኑ በዐይኑ መመርመር አለበት፤ ሕመም ይሠራ የነበረውን ጥበቃ ዐይን ይሠራለታልና።

መድኃኒቱስ? አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመከረው የተጣመረ መድኃኒት እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል፤ የሚሰጠውም በነጻ ነው። ነገር ግን የሞተ ነርቭን አያስነሣም። ሁሉ ነገር የተመሠረተው በጊዜ በመታከም ላይ ነው።

ታዲያ በሽተኛውን የሚያዘገየው ምንድን ነው? ሐፍረት ነው። ሐፍረቱን ያተረፍንለትም የበሽታውን ስም ስድብ ያደረግን እኛ ነን።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፥ ቆዳው ላይ ነጣ ያለ፥ ሲነኩት የማይሰማው ምልክት ያለበት ሰው ብናይ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ስድቡንም ከአፋችን እናውጣ። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።