ጨዋታውን ማን ያያል?
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለፈለግከው ተናገር፣ ብቻ አታርዝመው» ብለውኛል። ስለ ሕክምና ላውራ ብል ከመካከላችሁ ግማሹ ያስተማረኝ ነው። ስለ ኳስ ላውራ ብል ደግሞ ሁላችሁም አሰልጣኝ ናችሁ። ስለዚህ አሰላለፉን ለእናንተ ትቼ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጨዋታውን ማን ያያል?

እኔ እዚህ ግቢ የገባሁት በ1992 ነው። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተባሉበት ዓመት ነው። በመጨረሻው ዓመት ቲቲፒ ስንወጣ ለእኛ ቡድን አጋሮ ደረሰን። ቲቲፒ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፍራሽ ተሸክሞ መሄድ፣ ጄሪካን ይዞ ውሃ መጠበቅ፣ ገና ሳይመረቁ «ዶክተር» መባል። አከራያችን ቡና አምራች ነበሩ፤ «አባባ» እንላቸው ነበር። ቡናቸው ከሚደርቅበት አልጋ አጠገብ አንዲት ሬዲዮ በእንጨት ላይ ተሰቅላ ሁልጊዜ ትለፈልፋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኳስ ሰዓት ሲደርስ ቡና የሚገለብጡት ሰራተኞች እጃቸው ይዘገያል። አባባም አይቆጡም፤ እሳቸውም ቆመዋላ!

አንድ ቀን ስለ ታህሳስ 1980 አጫወቱኝ። የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ አንድ ለአንድ ወጥተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። ደምሴ ዳምጤ ሲያስተላልፍ እሳቸው አጋሮ ሆነው፣ እኔ ደግሞ ገና ልጅ ሆኜ ሌላ አገር ቤት ውስጥ፣ ያንኑ ድምፅ እየሰማን አብረን ዘለናል። ተያይተን አናውቅም፤ ግን አብረን ነበርን። ይህን ያደረገልን በነፃ የሚገባ ድምፅ ነው።

በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ኦኪኪ አፎላቢም በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሲባል፣ አባባ ስልክ ደወሉልኝ። «ዶክተር! ዋንጫው ጅማ ገባ!» አሉኝና ዘጉት። ሌላ ቃል የለም። ያን ዓመት ልጆቻቸውን ይዘው በሚኒባስ ከአጋሮ ጅማ ሲመላለሱ ነበር የከረሙት።

ከዚያ 2013 መጣ። ክለቦቹ ያቋቋሙት የሊጉ አክሲዮን ማህበር የጨዋታዎቹን የቴሌቪዥን መብት ለዲኤስቲቪ ለአምስት ዓመት ሸጠ። እውነቱን እንነጋገር፤ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በፊት በነፃው ቴሌቪዥን የአገራችንን ሊግ የምናየው አልፎ አልፎ ነው። አሁን በብዙ ካሜራ፣ በአማርኛ ኮሜንታሪ፣ በተከታታይ ታየ። ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በጀት ሲጠብቁ የኖሩ ክለቦች የራሳቸው ገቢ አገኙ። ተጫዋቾቻችንም በውጭ አገር ሰው የሚታዩበት መስኮት ተከፈተላቸው። «ድሮ ይሻል ነበር» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ከእናንተ ጋር አይደለሁም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ሊጉ በሜዳና ከሜዳ ውጭ መሆኑ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ። ኮሮናም ነበረ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። የእኛው የዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ተራ ደርሶት በማስተናገዱ ኮርተናል። ተራው ሲያልፍ ግን የአጋሮ ሰው ቡድኑን በሚኒባስ ሄዶ ማየት አልቻለም። የቀረለት ስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ይከፈልበት ነበር።

በ2014 አጋሮ ሄጄ አባባን ጠየቅኳቸው። «አባ ጅፋርን ያዩታል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ወንዶቹ ዲኤስቲቪ ቤት ሄደው ያዩታል። እኔ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እሷ ደግሞ...» ብለው የልጅ ልጃቸውን አሳዩኝ። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ኳስ ትጫወታለች፤ የአባ ጅፋርን ተጫዋቾች ስም በቃሏ ትቆጥራለች። አንዱንም ሲጫወት አይታ አታውቅም። ጫትና ሲጋራ የሞላበት ክፍል ውስጥ ማን ይልካታል? ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ለልጅም፣ ለሴትም፣ ለሽማግሌም እኩል ነው። የክፍያ ቤቱ ግን የሚገጥመው ኪስ ላለው ወንድ ነው። በዚያው ዓመት አባ ጅፋር ወደ ከፍተኛ ሊግ ወረደ። ለመውረዱ ቴሌቪዥኑን አልወቅስም፤ ግን ብዙው ደጋፊ መውረዱን የሰማው እንደ ሩቅ ዘመድ መርዶ ነው።

«ታዲያ ትንሽ ከፍሎ ቤቱ አያይም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ የቡና አገርን ኪስ አስቡት። ገንዘብ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት ነው። ያኔ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ሰርግ ይደገሳል። የቴሌቪዥኑ ክፍያ ግን በየወሩ ነው። ሊጉ የሚለይለት ደግሞ በግንቦትና በሰኔ፣ ያ ኪስ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። በስልክ ይታይ ቢባል ዳታውም ገንዘብ ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የዋጋ ብቻ አይደለም፤ የክፍያው ወር ከቡናው ወር ጋር አልተገናኘም።

ሌላውም አገር በዚህ አልፏል። እንግሊዝ በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊጉን ለክፍያ ጣቢያ ሰጥታ ሀብታም ሆነችበት፤ ነገር ግን የዓለም ዋንጫንና የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜን የመሳሰሉት በነፃ ጣቢያ እንዲታዩ በሕግ ለይታ አስቀምጣለች። ሕንድም በ2007 ባወጣችው ሕግ አገራዊ ፋይዳ ያላቸውን ውድድሮች የገዛ ጣቢያ ለሕዝቡ ጣቢያም እንዲያካፍል ታስገድዳለች። ሽያጭና ነፃ እይታ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው ውል ሲፈረም የተመልካቹን ወገን ሆኖ የሚናገር ሰው ነው። በሳምንት አንድ ጨዋታ፣ የዋንጫው መለያ ቀን፣ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ በነፃ ይታይ ማለት ብዙ ነው?

ወደ ቤታችን ልመለስ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ማህበረሰቡ ውስጥ ገብታችሁ ተማሩ ብሎ ነው ያሳደገን። የአጋሮ፣ የሰርቦ፣ የሸቤ፣ የአሰንዳቦ ሰው ቤቱን ከፍቶ አስተምሮናል። እኛ ዛሬ ሳሎናችን ሆነን ከፍለን የምናይ ሰዎች ነን። ሊጉን መግዛት አንችልም። ግን ዩኒቨርሲቲያችን የማህበረሰብ ሬዲዮ አለው፤ አባ ጅፋር የወረደበት ከፍተኛ ሊግም የካሜራ ጋጋታ የለበትም። የሚመለከታቸውን አስፈቅደን፣ ማህበራችን የሁለት ወጣት ኮሜንታተሮችን፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ አንዱ በአማርኛ፣ የመጓጓዣና የአበል ወጪ ለአንድ የውድድር ዘመን ቢሸፍን ያቺ ልጅ ቡድኗን ትሰማለች። ማየት ባትችል እንኳ እኔና አባባ በ1980 እንደሆንነው ከአገሩ ጋር አብራ ትዘላለች።

የመጀመሪያውን ወር ወጪ እኔ እችላለሁ። መዝገቡ በር ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ሳትፈርሙ ያለፋችሁ እንደሆነ፣ በቲቲፒ ጊዜ ማን ውሃ ሳይቀዳ ይተኛ እንደነበር ለልጆቻችሁ እናገራለሁ።