ችግኝ ከመትከል በፊት ባለአገሩን እንጠይቅ
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለት በረሃዎችና ስለ አንድ የዛፍ ወገን ነው።

በአሜሪካ በአሪዞና፣ በሜክሲኮም በሶኖራ፣ ቶሆኖ ኦኦዳም የተባለ ሕዝብ ይኖራል። ትርጉሙ «የበረሃ ሰዎች» ማለት ነው። ሌሎች ፓፓጎ ይሉት ነበር፤ በአሪዞና ያለው ወገን ግን እ.ኤ.አ. በ1986 የራሱን ስም በይፋ ያዘ። መንገደኛ ያንን ምድር ሲያይ እሾህና አሸዋ ብቻ ይመስለዋል፤ ባለአገሩ ግን ጎተራውን ያያል። በሰኔ ሳጓሮ የተባለው ግዙፍ ቁልቋል ሲያፈራ፣ ከደረቀው ተክል ውስጥ በሚወጣ እንጨት ረጅም ዘንግ ሠርተው ፍሬውን ያወርዳሉ፤ እንደ ማር እስኪወፍርም ያፈሉታል። የክረምት ዝናብ ሲመጣ ደራሽ ውኃ ወርዶ በሚተኛበት ሜዳ ቴፓሪ የሚባለውን ቦሎቄ ይዘራሉ፤ በጥቂት ዝናብ ፈጥኖ ይደርሳል። ሜስኪት የተባለውን ዛፍ ፍሬ ደግሞ አድርቀው በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ጣፋጭ ዱቄት ይወጣዋል።

በሃያኛው መቶ ዓመት የሱቅ ዱቄት፣ ስኳርና ስብ ይህን ምግብ ሲተካ፣ በእነርሱና በዘመዶቻቸው በአኪሜል ኦኦዳም ዘንድ የስኳር በሽታ እጅግ በዛ። ስለዚህ ዛሬ ከመካከላቸው ቴፓሪን እንደገና የሚዘሩ አሉ።

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። የሜስኪት የቅርብ ዘመድ የሆነው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ ሲተከል የታሰበው በጎ ነበር፦ ነፋስ እንዲከላከል፣ አፈር እንዲይዝ፣ ጥላ እንዲሆን። ነገር ግን ከብቶች ፍሬውን በሉ፤ ዘሩም ሳይደቅቅ ከእበታቸው ጋር በየግጦሹ ወደቀ። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሸፈነ ይገመታል። ሣሩን አጠፋ፤ ወደ ውኃ የሚወስደውን የከብት መንገድ ዘጋ፤ እሾሁም ሰውና ከብት ይወጋል። አርብቶ አደሩ ግን ኑሮው በሣሩና በግራሩ ላይ ነው።

ዛፉ መጣ፤ ከዛፉ ጋር የሚኖሩበት ጥበብ ግን አብሮት አልመጣም። ቶሆኖ ኦኦዳም በሙቀጫ የሚያደርጉትን እንመልከት። ፍሬው ከነዘሩ ሲደቅ ምግብ ይሆናል፤ የደቀቀ ዘርም አይበቅልም። በአፋርም ፍሬውን ሰብስበው ለመኖ የፈጩ ማኅበራት ነበሩ። ይህ ብቻውን ወረራውን አይገታም፤ መንገዱን ግን ያሳያል።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር ምድርን ለሰው የሰጠው እንዲያለማት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ነው። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያውቃል።

እንግዲህ እናንተ በሥራው ላይ ያላችሁ፣ ችግኝ ከመኪና ከማውረዳችሁ በፊት ከአገሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ጋር ተቀመጡ። ፍሬውን ማን ይበላዋል? ዘሩ ወዴት ይሄዳል? በድርቅ ጊዜ ከብቱ የሚጠጋው የት ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ምእመናን ሆይ፣ እናንተም ስጦታችሁ ስንት ችግኝ እንዳስተከለ ብቻ አትጠይቁን፤ ከማን ጋር እንደተመካከርን ጠይቁን።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።