ጥቁሩ ዘይት ወዴት ይሂድ?
(በዱከም ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዱከም በሥጋ ቤቶቿ የታወቀች ናት። ወደ አዳማ የሚወርደው መንገደኛም ሆነ የከባድ መኪና ሾፌር እዚህ ሳይበላ አያልፍም። ከምግብ ቤቶቹ ጓሮ ግን ጥቁር ዘይት በጀሪካን ይወጣል፤ ከፊሉ ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ የቀረው በርካሽ ተሽጦ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ይጠበስበታል። ያንን የሚበሉት ደግሞ የእኛው ልጆች ናቸው።

ወጣቶቻችን «ይህን ዘይት ናፍጣ እናድርገው» ሲሉን ደስ አለን። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓውደ ርእይ አንድ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቶ ታይቷል። አሠራሩም ይህ ነው፦ ዘይቱ በጨርቅ ይጣራል፤ ውሃው እስኪተን ይሞቃል፤ ወደ 55 ዲግሪ ሲበርድ ለ100 ሊትር 20 ሊትር ያህል ሜታኖል፣ ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት፣ ይጨመራል። ተማስሎ ሲያድር ወፍራሙ ግሊሰሪን ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ነዳጅ በውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ዘይቱ በተደጋጋሚ ከተጠበሰበት ኮምጣጣነቱ ስለሚጨምር የሶዳው መጠን በየጊዜው መለካት አለበት። ውሃ ከቀረበት ደግሞ ሳሙና ይሆናል። የእኛም የመጀመሪያ ሙከራ ሳሙና ሆኖ ቀረ! ሜታኖል ስላለበት ልብስ እንኳ አላጠብንበትም።

የሚያስፈራን ይኸው ሜታኖል ነው። መልኩ እንደ አረቄ ነው፤ ጥቂት የጠጣውን ያሳውራል፣ ይገድላልም፤ ሲቃጠል ነበልባሉ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ፣ በከሰል ምድጃ አጠገብ፣ ይህን ጀምሩ ልንላችሁ አንደፍርም። ደግሞም የምንጠብስበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ ከእርሱ የወጣ ነዳጅ በብርድ ጠዋት ይረጋና ማጣሪያውን ይደፍናል። ዱከም ቢታገሥ እንኳ ሱሉልታ አይታገሥም።

ስለዚህ ከመኖሪያ የራቀ ቤትና የኬሚስትሪ ሙያ ያለው ሰው እስኪገኝ ነዳጁ ይቆይ ብለናል። ለጊዜው ዘይቱን ሰብስበን፣ ያለ ሜታኖል፣ በሶዳና በውሃ ብቻ የልብስ ሳሙና እንሠራለን።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶናል። ያን ጥቁር ዘይት የምትገዛው እናት የአዲሱ ዋጋ ከብዷት እንጂ ክፉ ሆና አይደለም። ጀሪካኑን ቀድመን ብንወስድባት በምን ትጠብሳለች? እንግዲህ ለሳሙናው ሥራ ጠባሾቹ እኅቶች በቅድሚያ እንዲጠሩ ስማቸውን እስከ መጪው እሑድ አምጡልን። ጀሪካንም ይዛችሁ ኑ፤ ክዳን ያለው ይሁን።