በመርከብ ስለመቀጠር የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር

(በጠቅላላ ስብሰባው ላይ የተነገረ፤ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



የምናገረው በአጀንዳው ሦስተኛ ተራ ቁጥር ላይ ስለተያዘው ጉዳይ ነው። አንዲት እናታችን ከማኅበሩ ተቀማጭ 60 ሺህ ብር ብድር እንዲሰጣቸው አመልክተዋል። የቀረውን ሁለቱን በሬዎች ሸጠው ሊሞሉት ነው። ገንዘቡ የሚሰጠው ልጃቸውን «ያት» በሚባል መርከብ ላይ አስቀጥራለሁ ላለ ደላላ ነው። ኮሚቴው «አጣርተህ ለጉባኤው አስረዳ» ስላለኝ የሚያውቁትን ስጠይቅ፣ የማላውቀውን ቋንቋ በልጆች ሳስነብብ ከረምኩ። አምበር ተቀምጦ ስለ መርከብ ማውራት እንደሚያስቅ አላጣሁትም። እኔም ከጣና በቀር ትልቅ ውኃ አላየሁም።

ያት ማለት ጭነት የማይጭን፣ ባለጠጎች ለመዝናኛ የሚይዙት ወይም የሚከራዩት መርከብ ነው። ትልልቆቹ ካፒቴን፣ የሞተር ሠራተኛ፣ ወጥ ሠሪ፣ አስተናጋጅ፣ ገመድ የሚይዝና ወለል የሚያጥብ ሠራተኛ አላቸው። በእኛ ክረምት በሜዲትራኒያን ባሕር ይከርማሉ፤ በእኛ በጋ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ በኩል ወደ ካሪቢያን ይሻገራሉ። ሥራው የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ምግቡም መኝታውም ከመርከቡ ስለሆነ ደመወዝ ይጠራቀማል፤ እንግዶቹም ጉርሻ ይሰጣሉ። ፎቶው ላይ የማይታየው ግን አዲስ ገቢው ከንጋት ጀምሮ የባሕር ጨው ሲያጥብና ብረት ሲወለውል የሚውል መሆኑ ነው።

ታዲያ በዚህ ሥራ ሰው የሚቀጠረው እንዴት ነው? ፈረንሳይ አገር አንቲብ፣ ስፔን ፓልማ፣ አሜሪካ ፎርት ሎደርዴል የሚባሉ ወደቦች አሉ። ሥራ ፈላጊው ወረቀቱን ይዞ በጠዋት ከመርከብ መርከብ እየዞረ ይጠይቃል። አንድ ሁለት ቀን በቀን ሥራ ይሞክሩታል፤ ካፒቴኑ ከወደደው ያስቀረዋል። እኛ ዘንድ የቀን ሠራተኛ ጠዋት ቆሞ አሠሪ እንደሚጠብቀው ማለት ነው። በድርጅት በኩል የሚቀጠርም አለ፣ እሱም ቢሆን የሚጠየቀው የምስክር ወረቀትና የሥራ ልምድ ነው። ውኃ ገብቶ የማያውቅን ልጅ ፎቶውን በስልክ አይቶ «ና» የሚል ካፒቴን ይኖራል ብዬ ለማመን ተቸገርኩ። የደላላው ወሬ መጀመሪያ የላላብኝ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። የባሕረኞች ሥልጠና በዓለም ስምምነት የሚመራ ነው፤ ኤስ ቲ ሲ ደብሊው ይሉታል፣ በ1970 ዓ.ም. የተፈረመ ነው። ማንም ባሕረኛ ወደ መርከብ ከመውጣቱ በፊት መርከብ ቢሰጥም በውኃ ላይ ነፍሱን ማቆየት፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታና የሥራ ላይ ጥንቃቄ ይማራል። የሐኪም ማስረጃም ያስፈልገዋል። ደላላው ከዚህ አንዱንም አልጠየቀም። የጠየቀው ፎቶ፣ የፓስፖርት ቅጂና ብር ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ያወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ፤ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። ለንግድ የሚሠሩ መርከቦችን፣ የሚከራዩ ያቶችንም ጭምር ይመለከታል። ስምምነቱ አስቀጣሪ ከሠራተኛው የማስቀጠሪያ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ሠራተኛው ከኪሱ የሚያወጣው ለሐኪም ማስረጃው፣ ለባሕረኛ ደብተሩና ለፓስፖርቱ ብቻ ነው። ቪዛው እንኳ በመርከቡ ባለቤት ላይ ነው። ውሉ ሲያልቅ ወደ አገር የሚመለስበትም እንደዚሁ። እንግዲህ ብር አምጡ የሚለን ሰው ለራሱ እንጂ ለመርከቡ አይደለም የሚሰበስበው።

ይህንን ለእናታችን ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው «የልጄን ዕድል ልትዘጋ መጣህ» አሉኝ። አልተቀየምኩም። ልጁ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጧል። የእናት አንጀት ነው። ነገር ግን ዲግሪውን ሳይ ነው ሌላው ነገር የታሰበኝ።

አገራችን ወደብ ባይኖራትም መርከብ አላት። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ከተቋቋመ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያውያን በመርከብ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የአሁኖቹም የአገራችን መርከቦች ባሕር ላይ ናቸው። ባሕረኛ የሚያሠለጥን ተቋምም አለን። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም ይባላል፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ነው። ተቋሙ እንደዚህ ያለውን የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቅ ነው መልምሎ የመርከብ መሐንዲስ አድርጎ ሲያወጣ የቆየው። የሠለጠኑት ልጆች በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ገብተዋል። የሥልጠናው ወጪም ሥራ ከተያዘ በኋላ ከደመወዝ የሚከፈልበት አሠራር ነበረው። ዘንድሮ መቼና እንዴት እንደሚቀበል እዚያው ሄዶ መጠየቅ ነው፣ ከማንም ወሬ አይወሰድም።

ይኸኛውም በር ቢሆን ማር አይደለም። የሞተሩ ክፍል ሙቀትና ጩኸት ነው። ሕጉ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይላል፤ ቀሪው ሥራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወር ከቤት መራቅ አለ፤ ፋሲካ መጥቶ ሲሄድ እሱ ውኃ ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር የንግድ መርከቦች በሚሳኤል ሲመቱ፣ ባሕረኞችም ሲሞቱ ሰምተናል። ልጁ መዋኘት አይችልም፤ እሱን ካሁኑ ይልመድ። ጭነት መርከብ ላይ ጥቂት ዓመት የሠራ መሐንዲስ ግን ያት ልግባ ቢል የሚያሳየው ወረቀትና ልምድ ይኖረዋል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የ60 ሺህ ብሩ ብድር ይቅር። በምትኩ ልጁ ቢሾፍቱ ደርሶ የሚመለስበት የመኪናና የማደሪያ፣ ማስረጃውንም ኮፒ የሚያስደርግበት 5 ሺህ ብር ከማኅበሩ ይሰጠው፤ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። ከተቀበሉት ለሐኪምና ለፓስፖርት የሚያስፈልገውን ተመልሰን እንነጋገርበታለን። በሬዎቹም ከቤታቸው አይውጡ፣ እርሻ ደርሷል።

ከደላላው ጋር ስልክ የተለዋወጡ ሌሎች ሁለት ልጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስማቸውን አልጠራም። ከስብሰባው በኋላ ጽሕፈት ቤት ይምጡ፣ ማስታወቂያውን አብረን እናነበዋለን።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከዚያ ሐሳቡን የሚደግፍ እጁን ያውጣ።