ከሳሎኑ በፊት ማድ ቤቱን እንንደፍ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ ከፍልስፍናም ከፖለቲካም የተወሰደ ባለመሆኑ አንዳንዶቻችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ርእሴ ቤት ነው፤ ይኸውም አንድ ቤተ ሰብ ባለው ጥቂት ገንዘብ የሚመች ቤት እንዴት ይነድፋል የሚለው ነው።

ወላጆቼ ብዙ ዓመት ካጠራቀሙ በኋላ በየካ፥ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ባለው ዳገት፥ በ150 ካሬ ሜትር ቦታቸው ላይ ቤት ሊሠሩ ተነሡ። አንድ ነዳፊም ፕላን አምጥቶ አሳየን። ሳሎኑ 6 ሜትር በ5 ሆኖ ከታች ካለው መንገድ ፊት ለፊት፤ መኝታ ቤቶቹ ከኋላው፤ ማድ ቤቱ ግን ለብቻው በጓሮ፥ ከዳገቱ ጥግ። አባቴ ሳሎኑን አይተው ደስ አላቸው። እናቴ ዝም አሉ።

ዝምታቸው ከነከነኝ። አሁን በምንከራየው ቤት ማድ ቤቱ ከሳሎኑ 14 ሜትር ይርቃል። አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዤ ተቀመጥሁና እናቴ ስንት ጊዜ ሄደው እንደሚመለሱ ቆጠርሁ፤ 31 ጊዜ ሆነ። ደርሶ መልሱ ሲደመር 868 ሜትር ነው፤ ያውም በሜዳ። በአዲሱ ፕላን ግን ማድ ቤቱ ከሳሎኑ 2 ሜትር ከፍ ስለሚል 12 ደረጃ ይጨመርበታል፤ በክረምት፥ ድስት ይዘው።

ይህን ልማድ ከየት አመጣነው? አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በዚሁ በእንጦጦ ላይ ነበር። በቤተ መንግሥት ሥርዓት የግብሩ አዳራሽ፥ እልፍኙና ወጥ ቤቱ እየብቻቸው ይሠሩ ነበር። ለንጉሥ ይህ ይመቻል፤ የሚመላለስ አሽከር ሞልቷልና። እኛ ግን አዳራሹን ወርሰን አሽከሮቹን አልወረስንም፤ በእነርሱ ፈንታ እናቶቻችንን አቆምን። ንጉሡም ቢሆኑ የእንጦጦ ብርድና የማገዶ እጥረት ሲያስቸግር ወደ ፍልውሃ ወረዱ እንጂ ከተራራው ጋር አልተሟገቱም።

እንግዲህ እኛም ቦታውን እንጠይቀው። የየካ ዳገት ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡባችን ስለምታልፍ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሙቀት የሚፈልግ ክፍል መስኮቱ ወደዚያ ይሁን። በበጋ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣ ማድ ቤቱ በምዕራብ ጐን ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ በእንጨት መጋገራችን አይቀርምና ጢሱ ወደ መኝታ ቤት አይገባም። የክረምቱ ጐርፍ የሚወርደው ከላይ ስለ ሆነ ከቤቱ ጀርባ ቦይ ይቆፈር፤ አለዚያ ግድግዳው ከሥር ጀምሮ ይረጥባል። መታጠቢያ ቤቱም ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ቢጋራ የቧንቧው ወጪ ይቀንሳል።

በዚህ መሠረት ሌላ ፕላን ነደፍሁ። ከሳሎኑ 30 ካሬ 10ሩን ወስጄ ለማድ ቤቱ ሰጠሁት፤ ማድ ቤቱንም ከሳሎኑ ጐን፥ በእኩል ወለል አደረግሁት። አባቴ ተቈጡ። «እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው? ለቅሶ ቢደርስብንስ?» አሉ።

«አባባ፥ ለለቅሶና ለሠርግ 30 ካሬም አይበቃም፤ ያን ጊዜ የእድር ድንኳን ይተከላል። ሳሎኑ ወደ በረንዳው ሰፊ በር ይኑረው፥ ከፊቱ ያለው ግቢም ባዶ ይተው» አልኋቸው።

በዚህ ጊዜ እናቴ ስለ ፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ልጄ፥ እንጀራ ስጋግር ሳሎን የሚወራው ይሰማኛል ማለት ነው?» አሉኝ። ለካ ጉዳዩ የእግር ድካም ብቻ አልነበረም። እናቴ በቤታቸው ከሚደረገው ጨዋታ ስንቱን ሳይሰሙት እንደ ኖሩ ያን ዕለት ገባኝ።

አባቴ እስከ ዛሬ ሳሎኑ ጠበበ ይላሉ። መሠረቱ ግን በአዲሱ ፕላን ተቆፍሯል።

ጓደኞቼ፤ ነገ መሐንዲስ የምትሆኑም፥ ባለቤት የምትሆኑም፥ ክፍል ከመቁጠራችሁ በፊት በቤቱ ውስጥ ማን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቁጠሩ። እርሳሱንም ከማንሣታችሁ በፊት ዝም ያለውን ሰው ጠይቁ።