የመዋጮው ቀን ከመድረሱ በፊት

(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዘር ምርጫም ሆነ ስለ አፈር መሸርሸር አይደለም። አንድ ሰፈር ምንጩን ለማጎልበት፥ የወንዝ መሻገሪያ ለመሥራት ወይም ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ለመግዛት ሲያስብ፥ ሕዝቡን ጠርቶ ገንዘብ ስለሚሰበስብበት ቀን ነው። ይህ የእርሻ ነገር አይደለም የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ጠዋቱን ውሃ ፍለጋ በመንገድ የምትጨርስ ሴት ለአረም የሚተርፋት ጊዜ የለም። ልጆቹ በቆሻሻ ውሃ ምክንያት ሆዳቸውን የታመሙበት ገበሬም በእርሻ ወራት በሬውን ፈትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ስለዚህ የምንጭ ጉዳይ የእርሻ ጉዳይ ነው።

መረዳዳት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦ አለን፥ ወንፈል አለን፥ ዕድርና ዕቁብም አለን። ዳሩ ግን በዕድር የሚያዋጣ ሰው ነገ ለእሱም እንደሚደረግለት ያውቃል፤ ሕጉን ያውቃል፤ ዳኛውንም ራሱ መርጦታል። በመዋጮ ቀን የሚመጣው ግን የጎረቤት ቀበሌ ሰውም ነው፥ ከከተማ የመጣ ዘመድም ነው፥ መንገደኛም ነው። እነዚህ ብራቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። በእጃቸው የሚቀረው እምነት ብቻ ነው፤ ይህም እምነት እንዴት እንደሚጠፋ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ደጋ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ለምንጭ ማጎልበቻ ገንዘብ እንሰብስብ ተባለና ቀን ተቆረጠ። ሁለት በሬ ታረደ፤ ጠላ ተጠመቀ፤ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ከከተማ በኪራይ መጣ። ሕዝቡም በላ፥ ጠጣ፥ ጨፈረ፤ የአቅሙንም ሰጠ። በማግሥቱ ሒሳቡን ስንሠራ ከወጪው የተረፈው ለሲሚንቶው እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ከዚህ የባሰው ግን ይህን ለሕዝቡ የነገረ ሰው አለመገኘቱ ነው። ኮሚቴው አፍሮ ዝም አለ፤ እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ወሬውም «ገንዘቡን በሉት» ሆኖ ቀረ። በሚመጣው ዓመት እንደገና ስንጠራ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ሴቶቹም ከብት ከሚጠጣበት፥ ጭቃ ከሆነው ከዚያው ምንጭ መቅዳታቸውን ቀጠሉ። ማንም አንዲት ሳንቲም አልሰረቀም ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። «ለምንጩ የተቻለውን» ብሎ መጥራት አይገባም። የወረዳውን የውሃ ባለሙያ ጥሩና ምንጩን አይቶ ዝርዝሩን ይጻፍላችሁ። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ከሦስት ክፈሉት። አንደኛው ጉልበት ነው፤ ይኸውም ቁፋሮው፥ ከምንጩ በላይ ጎርፍ የሚያስቀይሰው ቦይ፥ አጥሩ፥ የሸክሙም ሥራ ነው። ሁለተኛው በአካባቢያችሁ የሚገኘው ድንጋይ፥ አሸዋና እንጨት ነው። ሦስተኛው ሲሚንቶ፥ ቧንቧ፥ የውሃ መክፈቻና የግንበኛ ዋጋ ነው። ብር የሚጠይቀው ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው፤ የቀሩትን ደቦ ይጨርሳቸዋል። ብዙ ሰፈሮች ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በብር አስበው፥ የገንዘቡ ብዛት ሲያስፈራቸው ሥራውን ይተዉታል።

ከብሩ ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንዱ ዋጋ ከተጠየቀበት ቀን እስከ ግዢው ቀን ለሚመጣው ጭማሪ ነው። ሌላው ለጥገና ነው፤ የውሃ መክፈቻ በብዙ እጅ የሚነካ ዕቃ ስለ ሆነ ቶሎ ይሰበራልና።

የበዓሉን ወጪ በተመለከተ የእኔ ምክር ከሚጠበቀው ገቢ ከዐሥር አንድ እንዳይበልጥ ነው። ለምሳሌ 80 ሺህ ብር ለመሰብሰብ ብታስቡ ከ8 ሺህ ብር በላይ አታውጡ ማለቴ ነው። ይህ እርድን አያካትትም፥ ባያካትትም ይሻላል። እርድ በዋጋው ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይለያል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ሰፈር በሚኖሩበት ቦታ ሁለት ዓይነት ሥጋ፥ ሁለት ዓይነት ድስት ይፈልጋል። ንፍሮ፥ ዳቦና ቡና ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ያስቀምጣሉ፤ በጾምም በፍስክም ይበላሉ። እህሉንም እያንዳንዱ ቤት ከጓዳው ያመጣዋል።

ቀኑን መምረጥ የሥራው ግማሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሰኔና በሐምሌ ገበሬውን ብር መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ለዘርና ለማዳበሪያ አውጥቶ ጎተራውም ጎድሎበታል። የሚመቸው ወር ጥር ነው። አውድማው ተጠርጎ እህሉ ገብቷል፤ የነቢያት ጾም አልፎ ዐቢይ ጾም ገና ነው፤ በጥምቀትም ብዙ የከተማ ልጆች ወደ አገራቸው ይመጣሉ። በጉራጌ አገር ግን የከተማው ሰው የሚመጣው በመስቀል ነው። በመስከረም ሰብሉ ገና በማሳ ስለሚሆን እህል የሚያመርተው ገበሬ ያን ጊዜ ባዶ እጁን ነው። እንዲህ በሆነበት ቦታ ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ የከተማው ሰው በመስቀል በብር ይስጥ፥ ገበሬው በጥር በእህል ይስጥ።

የጉራጌን ስም ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ሠርተው የሚያድሩ የጉራጌ ተወላጆች ለአገራቸው መንገድ ለማውጣት ማኅበር አቁመው ገንዘብ አዋጡ። ይህ የመዋጮ ልማድ እስከ አሁን አለ። ዘመድ የሆነ ሁሉ፥ በከተማ ያለውም በሩቅ አገር ያለውም፥ ሲጠራ መስማቱ በዚያ አገር የተለመደ ነው። የእናንተም ልጆች በአዲስ አበባና በዐረብ አገሮች አሉ። ቀኑን ከሁለት ወር በፊት ንገሯቸው፤ በሳምንቱ ብትነግሯቸው ግን የሚሰጡት በኪሳቸው የተገኘውን ብቻ ነው።

ገበሬ የሚሰጠው ዋናው ነገር እህል ነው። በጥር ወር ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ሰጪው መጀመሪያ ሸጦ ብሩን ያምጣ ብትሉት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስለዚህ እህሉን እንዳለ ተቀበሉ። ነገር ግን በቁና አትቀበሉ። ቁና ከቦታ ቦታ፥ ከቤት ቤትም ይለያያል፤ በኋላም የክርክር ምንጭ ይሆናል። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ተውሳችሁ በኪሎ መዝኑ፤ ሰጪው እያየ ይጻፍ።

ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ለማቆየት ምቹ ነው። በቆሎ፥ ማሽላ፥ ባቄላና ስንዴ ግን ይነቅዛሉ። እነዚህን ወይ ቶሎ ሽጡ፥ ወይም በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አስራችሁ አስቀምጡ። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰዎች እጅ ይሁኑ። አደራ የምላችሁ ደግሞ በመድኃኒት የታሸ ዘር የሚያመጣ ሰው ቢኖር እንዳትቀበሉት ነው። ከምግብ እህል ጋር ቢቀላቀል መርዝ ነው፤ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። እህሉ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው በክረምት ነው፤ ምንጩ የሚጎለብተው ግን በበጋ ነው። የሁለቱ ጊዜ አይገጣጠምም። የኔ ሐሳብ ለሲሚንቶና ለቧንቧ የጎደለውን ያህል ወዲያው ሸጣችሁ ሥራውን በዚያው በጋ ጀምሩ የሚል ነው። የተረፈውን ጤፍ ለጥገናው ገንዘብ አቆዩት፤ በክረምት ሽጡት። ዋጋ እስኪወጣ ሁሉንም ልጠብቅ ያለ ሰፈር ሲሚንቶውም ይወደድበታል፥ አንድ ዓመትም ያልፈዋል።

ኮሚቴውን ስትመርጡ ገንዘብ ያዡና ተቆጣጣሪው የአንድ ቤት ሰዎች አይሁኑ። ውሃ የምትቀዳው ሴት ናትና ገንዘብ ያዧ ሴት ብትሆን መልካም ነው፤ የምንጩ ነገር ከማንም ይልቅ የሚያንገበግበው እሷን ነው። እናንተ የልማት ሠራተኞች ግን ብር በእጃችሁ አትያዙ። ነገ ወደ ሌላ ቀበሌ ትዛወራላችሁ፤ ያን ጊዜ ንጹሕ ብትሆኑም ይዞ ሄደ መባላችሁ አይቀርም። የእናንተ ፋንታ ምክር መስጠትና መዝገቡን ማየት ነው።

ደረሰኝ ተራ ቁጥር ያለው ይሁን። በስልክ የሚላከውንም አስቡበት። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከሩቅ መላክ ቀልሏል፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ስም ባለ ስልክ የሚገባ ብር ለሐሜት ይመቻል። ከተቻለ በኮሚቴው ስም በሦስት ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱና ወደዚያ ይላክ። በግል ስልክ የገባ ቢኖር በዚያው ቀን ወደ ባንኩ ይዛወር፥ በመዝገቡም ይጻፍ።

ጨረታ የሰውን እጅ ይፈታል። ዶሮ ወይም ጃንጥላ ለጨረታ ይቀርባል፤ ያሸነፈው መልሶ ይሰጠዋል፥ እንደገና ይጫረቱበታል፤ ሳቁም ይደምቃል። ይሁን እንጂ የሰጠውን ሁሉ ስምና መጠን በድምፅ ማጉያ መጥራትን አልወደውም። ዐሥር ብር ያላት ባልቴት አፍራ ከቤቷ ትቀራለች። ለእሷ የተከደነ ሣጥን አስቀምጡላት።

ትልቅ ሰጪም ሲመጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጎረቤታችን በኬንያ «ሐራምቤ» የሚባል የመዋጮ ልማድ አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ጆሞ ኬንያታ የሕዝቡ ጥሪ አደረጉት፤ ሕዝቡም ብዙ ትምህርት ቤቶች ሠራበት። እየቆየ ግን ምርጫ ሲደርስ ፖለቲከኞች በሕዝብ ፊት በብር የሚፎካከሩበት መድረክ ሆነ። ከዚህም የተነሣ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ሕግ ባለሥልጣኖች በሥልጣናቸው ተጠቅመው ለሐራምቤ ገንዘብ እንዳይሰበስቡ ከለከለ። ስለዚህ ባለጸጋም ሆነ ባለሥልጣን ብዙ ቢሰጣችሁ አመስግኑት፤ ምንጩን በስሙ አትጥሩለት፤ የቧንቧውንም መስመር ወደ ደጁ አታጥምዙለት።

ቆጠራው ፀሐይ ሳትጠልቅ፥ ሰው ሳይበተን ይሁን። ስለዚህ በዓሉን በጠዋት ጀምሩ። ጸሐፊው ይነሣና የተሰበሰበውን፥ የወጣውንና የቀረውን ሦስት ቁጥር ያንብብ። ቃል ገብቶ ያልከፈለም ቢኖር የሚከፍልበት ቀን ይጻፍ። ይኸው ጽሑፍ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፥ በመስጊዱ ደጅና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ዕቃው ሲገዛ አንድ ጊዜ፥ ሥራው ሲያልቅ ሌላ ጊዜ እንደገና ይነበብ።

ቅድም ወዳነሣሁት ደጋ ቀበሌ ልመለስ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕዝቡን ሰብስበን ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት የዚያን የከሸፈ በዓል ሒሳብ አነበብንለት። የበሬዎቹን ዋጋ፥ የድንኳኑን ኪራይ፥ የቀረውንም ሁሉ አንድ በአንድ አነበብን። ጥቂት ሰዎች ተቆጡ። አንድ ሽማግሌ ግን ተነሥተው «ይህን ያኔ ብትነግሩን ኖሮ ሦስት ዓመት ጭቃ ባልጠጣን ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ በንፍሮና በቡና ብቻ ቀን ተቆረጠ፤ ከብሩም ከእህሉም ተሰጠ፤ ምንጩም በሚቀጥለው በጋ ጎለበተ። የከብቱ ገንዳም ከታች ራቅ ብሎ ተሠራ።

እናንተም ለመጪው ጥር ካሰባችሁ ከአሁኑ ልትሠሩት የምትችሉት አንድ ነገር አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይዛችሁ ወደ ምንጩ ውረዱ፤ ውሃው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላው ጻፉ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 30 ሊትር፥ በአንድ ቀንና ሌሊት 43,200 ሊትር ይወጣል ማለት ነው፤ የሌሊቱ የሚጠቅመው ግን ማጠራቀሚያ ሲኖር ብቻ ነው። ውሃው በጣም በሚጎድልበት በበጋው መጨረሻ፥ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ደግማችሁ ለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ለወረዳው የውሃ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝርዝሩን የሚጀምረው ከዚያ ነው።