«ጂኦግራፊ ደረሰኝ» ላለ ወንድም ምን እንበለው?

(ባለፈው የእሁድ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ፈቃድ ስላጣችሁ ያልተገኛችሁ እህቶች እንድታነቡት ከድምፅ ቅጂው ገልብጠን አቅርበነዋል።)

እህቶቼ፣ ያቺኑ አንዲት የእረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ወር እዚሁ ክፍል ውስጥ አንዲት እህታችን ስታለቅስ አይታችኋል። አራት ዓመት ሙሉ እየላከች ያስተማረችው ወንድሟ ከዩኒቨርሲቲ ደውሎ «ጂኦግራፊ ደረሰኝ» አላት። እሷ የጠበቀችው ሕግ ወይም አካውንቲንግ ነበር። «የአገር ዋና ከተማ ሊሸመድድልኝ ነው እንዴ የሰው ሽንት ቤት የማጥበው? ትቶት ይምጣና ሌላ ይሞክር!» አለች። ብዙዎቻችሁ «እውነቷን ነው» አላችሁ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው፤ እኔ በጂኦግራፊ ዲግሪ አለኝ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ዲግሪ ይዛ ማዳም ቤት የምትሰራ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ እናውቃለን። ዛሬ እንድናገር ስትጠይቁኝ ግን ትምህርቱ የሰጠኝንም ያልሰጠኝንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ያልሰጠኝን ላስቀድም። ስራ አልሰጠኝም። ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜያለሁ። «ጂኦግራፊና ተዛማጅ» የሚል ሲወጣ ለአንዲት ቦታ የምንሰለፈውን ብዛት ብታዩ! አስተማሪ ልሁን ስል ደግሞ የመምህርነት ስልጠና ጨምሪ ተባልኩ። የወጪ መጋራት ዕዳዬንም የከፈልኩት ከዚሁ ከቤይሩት በላክሁት ብር ነው። ስለዚህ ማንም «ጂኦግራፊ እንጀራ ነው» ቢላችሁ አትመኑት። ወረቀቱ ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

ዋና ከተማ መሸምደዱን ግን እርሱት። በተማርኩበት ጊዜ ሁሉ አንድም አስተማሪ «የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ማን ትባላለች?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቁን ሌላ ነው፦ ይህ ነገር ለምን እዚህ ሆነ? ለምን እዚያ አልሆነም?

አንድ ቀን ለመስክ ትምህርት በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ወሰዱን። ጠዋት ሹራብ ለብሰን ነው የተነሳነው፤ ቢሾፍቱ ላይ ወርደን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙትን ሐይቆች አየን፤ አዳማ ስንደርስ ሹራቡ ወገባችን ላይ ታስሯል። አስተማሪያችን «ፀሐይዋ ያው ናት፤ ምን ተለወጠ?» አለን። የተለወጠው ከፍታችን ነው። በአማካይ አንድ ሺህ ሜትር በወረድሽ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። አያቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ይህንኑ ነው፤ ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው። ቆላ እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ጤፉ የት፣ ገብሱ የት፣ ወባው እስከ የት እንደሚወጣ ብዙው የሚወሰነው በዚህ ነው።

እዚህም ያው ነው። በሐምሌ ማዳም ሻንጣ አስይዛ ወደ ተራራ ቤቷ ስታወጣን «ሀብታም ናትና» እንላለን። ሀብቱስ እውነት ነው፤ ግን ቤይሩት በባሕር ጠርዝ ላይ ናት፣ የሊባኖስ ከፍተኛው ተራራ ቁርነት አስ ሳውዳ ደግሞ 3,088 ሜትር ነው። ማዳም ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣች ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በነፃ የምታገኘውን አየር ነው በገንዘቧ የምትገዛው።

ትምህርቱ ሁሉ እንዲህ ጣፋጭ አይምሰላችሁ። ስታቲስቲክስ አስለቅሶኛል። የካርታ ስራ፣ የሳተላይት ፎቶ ማንበብ፣ የሕዝብ ጂኦግራፊ፣ የከተማ ጂኦግራፊ፣ ከዚያ መመረቂያ ጽሑፍ። በሕዝብ ጂኦግራፊ ክፍል ስለ ስደት ስንማር ራቨንስታይን የሚባል ሰው በ1885 የጻፈውን የፍልሰት ሕግ አጥንተናል። ሴቶች በአገር ውስጥ ከወንዶች ይበልጥ ይሰደዳሉ፣ ሩቅ አገር የሚሄዱት ግን በብዛት ወንዶች ናቸው ይላል። ለፈተና ሸምድጄ ኤ አግኝቼበታለሁ። ቦሌ ኤርፖርት ስደርስ፣ ያንን የሴት ሰልፍ ሳይ፣ «ምነው ይሄን ባየ!» አልኩ።

የፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምን ስም ሁላችሁም በፖለቲካ ታውቁታላችሁ። እኛ ግን የምናውቃቸው በጂኦግራፊ አስተማሪነታቸው ነው። ከ1958 እስከ 1977 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ስለነበረው ረሃብ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፈዋል። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም ነው ነገሩ። ዝናብ መቅረቱ የተፈጥሮ ነው፤ ገበሬው ዝናብ በቀረ ቁጥር የሚራበው ግን መጠባበቂያ እንዳይተርፈው አድርጎ የሚያኖረው ሥርዓት ስላለ ነው። ያንን ካነበብኩ በኋላ ስለ ራሳችን ቀበሌ «እግዜር ዝናብ ነሳን» ሲሉ ብቻ ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

የመሬት መንቀጥቀጡንም አስታውሱ። የካቲት 6 ቀን 2023 በፈረንጆች፣ ሌሊት 9 ሰዓት አልፎ ቱርክና ሶርያን የመታው እዚህም አልጋችንን ሲያንቀጠቅጠው በፒጃማ ደረጃ ላይ የወጣን አለን። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በአዋሽና በፈንታሌ በኩል አገር ቤት ተንቀጠቀጠ፤ «ተከትሎን መጣ እንዴ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። አልተከተለንም፤ ግን ዝምድና አለው። ዛህሌ ያላችሁበት የበቃ ሸለቆ ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ ወደ ሰሜን በሚሄደው ስንጥቅ መስመር ላይ ነው። የኛ ስምጥ ሸለቆ ከአፋር ወደ ደቡብ ይወርዳል። እዚህ መሬቱ ጎን ለጎን ይንሸራተታል፣ የኛ ደግሞ ከመሃል ይለያያል። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው የዓረብ ምድር ከአፍሪካ እየራቀ መሄዱ ነው።

አሁን ወደ ሰጠኝ ነገር ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከመጣች አምስት ወሯ ነው። ኢንተርኔት የሌለው ትንሽዬ ስልክ፣ ያውም ተደብቃ። ደመወዝ አላየችም፣ በሩ ይቆለፍባታል። «የት ነሽ?» አልኳት። «ሊባኖስ» አለችኝ።

ከዚያ ሌላ አታውቅም። እዚህ አገር ደግሞ ብታውቅስ? አድራሻ ማለት «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» ነው። እኔም ጠየቅኳት። «ፀሐይ ማታ የት ትገባለች?» «ባሕሩ ውስጥ።» እንግዲያው ከተራራው ወዲያ በቃ ውስጥ አይደለችም። «ባሕሩ ቅርብሽ ነው ወይስ ከታችሽ?» «በጣም ከታች።» ተዳፋት ላይ ናት። «ሌላስ ምን ይታይሻል?» «በገመድ ላይ ሳጥን ነገር ይወጣል፣ ይወርዳል።» ይሄን ጊዜ ልቤ መታ። ከጁኒየህ ወደ ሐሪሳ የሚወጣው ነው! «ፊትሽን ወደ ባሕሩ አዙሪ። ሳጥኑ በየትኛው እጅሽ በኩል ነው?» «በግራዬ።» ፊቷ ወደ ምዕራብ ከሆነ ግራዋ ደቡብ ነው፤ ስለዚህ ከገመዱ በስተሰሜን ናት። ከታቿ ያለውን የፋርማሲ ጽሑፍ ፊደል በፊደል አስነበብኳትና «እሁድ በረንዳው ላይ ቀይ ፎጣ ስቀይ» አልኳት።

እሁድ ከሁለት እህቶች ጋር በሰርቪስ ሄድን። አቀበቱ ገደለን፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፎጣውን አየነው። ደመወዟን ለማስከፈል ሌላ ሰባት ወር ፈጅቷል። እሱ የጂኦግራፊ ሳይሆን የማህበራችን ስራ ነው።

አንቺ እህቴ፣ ወንድምሽን «ተወው» አትበይው፤ ግን ዝም ብለሽም አትላኪለት። እንዲህ በይው። ካርታ በኮምፒውተር የሚሰራበትን ጂአይኤስ የሚሉትን ከአሁኑ ይጀምር፤ ኪው ጂአይኤስ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። መሬት አስተዳደር፣ የከተማ ፕላን፣ የውሃ ስራ፣ እርዳታ ድርጅት፣ ሁሉም የሚፈልጉት ይህን እጅ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ «ለፈተና አይመጣም» ብዬ አልፌው ነው የቆጨኝ። ስታቲስቲክስን አይሽሽ። የመውጫ ፈተና አለበት፤ ከ2023 ጀምሮ ያንን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ ለመጨረሻው ሴሚስተር አይተወው። ላፕቶፕ ይጠይቅሻል። አውቃለሁ፣ ያ የሁለት ወር ደመወዝሽ ነው። አዲስ አትግዢ፤ ያገለገለ ይበቃዋል፣ ሲገዛም የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሂድ።

ራሳችሁ መማር የምትፈልጉም አላችሁ፣ ሰምቻለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን ከቤት አስፈልጉ፣ ኮፒውን በስልክ ያዙት። በርቀት እናስተምራለን ለሚል ሁሉ ገንዘብ አትላኩ፤ ትምህርት ቤቱም፣ ያ የትምህርት ዘርፍም ፈቃድ እንዳለው አስቀድማችሁ አገር ቤት ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን አስጠይቁ።

የሚመጣው እሁድ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ያላችሁበትን ቦታ በዋትስአፕ መላክና ሁለቱን ቁጥሮች፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ በወረቀት ጽፎ መያዝ እናያለን። ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ያላችሁም እንዳትቀሩ። ከበረንዳችሁ የሚታያችሁን ነገር ሁሉ፣ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትገባበትን ጨምራችሁ፣ በወረቀት ስላችሁ አምጡ።